«ገባችሁ?» ማለት ካቆምኩ ወዲህ

ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለዓመታት ትምህርቱን ስጨርስ «ገባችሁ?» እላለሁ፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል። ፈተና ሳርም ግን ሌላ ነገር አገኛለሁ። ልጆቹ አልዋሹኝም፤ የገባቸው መስሏቸው ነበር። የሚያውቁትን የሚያውቁት ከሚመስላቸው እንዴት እንደሚለዩ ያላስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አሁን የማደርገውን በአንድ ትምህርት ላሳያችሁ።

ፎቶሲንተሲስን (ተክሎች በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበትን መንገድ) ከመጀመሬ በፊት ግማሽ ወረቀት አስወጣቸውና ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፦ «የባሕር ዛፍ ችግኝ አድጋ ግንድ ስትሆን፣ ያ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ?» መልሱን ይጽፋሉ፤ ከሥሩ ከ10 ስንት እርግጠኛ እንደሆኑ፤ ከዚያም እንዴት እንዳወቁት፦ አይተው፣ ሰምተው፣ አንብበው ወይስ ራሳቸው አስበው? ማርክ እንደማይያዝበት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለዚያ ቁጥሩን እናንተን ለማስደሰት ይጽፉታል።

የመጨረሻዋን መስመር አደራ አትዝለሏት። አብዛኛው «ከአፈር» ብሎ 9 ወይም 10 ይሰጣል፤ እንዴት አወቅክ ሲባል ግን ባዶ ይተዋል ወይም «ሁሉም ያውቃል» ይላል። እዚህ ላይ ቆዩ። ተሳስታችኋል አትበሉ። «ከአፈር ከሆነ ምን ማየት ነበረብን?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ «በዛፉ ዙሪያ አፈሩ መጉደል ነበረበት» እስኪል እጠብቃለሁ።

ያኔ ስለ ብራሰልሱ ሳይንቲስት ስለ ቫን ሄልሞንት እነግራቸዋለሁ። 90 ኪሎ ገደማ ደረቅ አፈር መዝኖ 2 ኪሎ ተኩል የማትሞላ የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ 5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ 77 ኪሎ ገደማ ሆነች፣ አፈሩ የቀነሰው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ በ1648 እ.ኤ.አ. ነው። እንጨቱ የመጣው ከውሃ ነው ብሎ ደመደመ። ክፍሉ እፎይ ሲል እንደገና እጠይቃለሁ፦ «ከውሃ መሆኑንስ በምን አረጋገጠ?» አፈሩን መዝኗል፣ አየሩን ግን አልመዘነም። አንድን መልስ ማፍረስ ሌላውን ማረጋገጥ እንዳልሆነ ልጆቹ የሚያዩት እዚህ ነው፤ ለእኔ ይህ ከፎቶሲንተሲስ ቀመር ይበልጣል።

በማግስቱ ደብተር ተዘግቶ 5 ደቂቃ የሚያስታውሱትን ይጽፋሉ፤ ከዚያ ደብተሩን ገልጠው የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሞላሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 40 በመቶውን አስታወሱ፤ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ከአእምሯቸው የጻፉት 61 በመቶውን። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ግን ደጋግመው ያነበቡት በልጠው ነበር። ሽምደዳ የሚያታልለው ለዚህ ነው፤ ፈተና ዋዜማ ላይ የሚያነብ ልጅ ሁሉም ነገር የተያዘለት ይመስለዋል። (የቅኔ ቤት ተማሪ ብቻውን ቅኔውን ቆጥሮ (አዘጋጅቶ) መጥቶ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፣ መምህሩም ያርምለታል። ይህ መንገድ እኛም ዘንድ ነበረ።)

ክፍላችሁ 60 ልጅ ቢሆን አትስጉ። ወረቀቶቹን አላርማቸውም፤ ገረፍ ገረፍ አድርጌ አይቼ አስቀምጣለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሼ አድላቸውና ከሥሩ አዲስ ቁጥርና አዲስ ምክንያት ያክላሉ። ቁጥሩ ከፍ እንዲል አልጠብቅም። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ 10 ብላ የጀመረችውን ወደ 6 አውርዳ «አየሩን ማን መዘነው?» ብላ ጽፋ ነበር። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ከእሷ ጥያቄ ጀመርኩ፤ በ1804 እ.ኤ.አ. ተክሎች የሚወስዱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደለካው ሳይንቲስት ወደ ደ ሶሱር ሄድን።