የዓባይን ዜና ከነዜማው ማድመጥ፦ ያጋደለ ዘገባን ለመለየት የምሠራበት መንገድ

ባሕር ዳር ውስጥ ክራር አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼ ክራራቸውን ሲቃኙ አዳምጣለሁ፤ ማታ ደግሞ የዓባይን ዜና። ሁለቱም ዘንድ የሚገጥመኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ጆሮዬን የጎረበጠው ድምፅ የረገበ ክር ነው ወይስ እኔ ያልለመድኩት ቅኝት?

የሕዳሴ ግድብ ዘገባ ሲሆን ይህን ጥያቄ መመለስ ይከብዳል። የካይሮው ጣቢያ በእኛ ላይ ያጋደለ ይመስለናል፤ የለንደኑና የዶሃው ለካይሮ ያደሉ ይመስሉናል። የካይሮ ሰው ደግሞ ያንኑ የለንደን ዘገባ ሰምቶ ለአዲስ አበባ አደላ ይላል። ይህ በጥናት የታወቀ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት አለ፤ በ1982 ቤሩት ውስጥ በፍልስጤማውያን ስደተኞች ሰፈሮች ስለተፈጸመው እልቂት የተሠሩ የቴሌቪዥን ዜናዎችን ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለዓረቦች ደጋፊዎች አሳይተው ነበር። ሁሉም ያዩት አንድ ዓይነት ዜና ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ግን «በእኛ ላይ ያደላ ነው» አሉ።

እንዲህ ስል ያደላ ዘገባ የለም ማለቴ አይደለም። ሞልቷል። ግን በቁጣ አይለይም። የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ፤ ወረቀት፣ እርሳስና የጆሮ ማዳመጫ ይበቃችኋል።

ከማንበባችሁ በፊት ወገናችሁን ጻፉ

በወረቀቱ አናት ላይ የምትፈልጉትን በአንድ መስመር አስፍሩ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «ግድቡ በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ እፈልጋለሁ፤ ቦንድ ገዝቻለሁ፤ የዓባይን ውሃ በየቀኑ አያለሁ።» ይህን መጻፍ ማንንም አያሳፍርም። የቆማችሁበትን ሳታውቁ የሌላውን ዘንበል ማለት ልትለኩ ግን አትችሉም። ቀጥሎ፣ ዛሬ መስማት የማትፈልጉት ዜና ምን እንደሆነ ጻፉ። እሱ ዜና በእርግጥ ከመጣ፣ ከሌላው ሁሉ ቀስ ብላችሁ የምታነቡት እሱን ነው።

ከተሞቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ

ስለ አንድ ቀን፣ ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉ ዜናዎችን ከአዲስ አበባ፣ ከካይሮና ከካርቱም ውሰዱ፤ አራተኛ አድርጋችሁ የአንድ ዓለም አቀፍ የዜና ወኪል ጽሑፍ ጨምሩ። ተንታኞችን ለጊዜው ተዉአቸው። ዓረብኛ የማታነቡ ከሆነ የስልክ መተርጎሚያው ሐሳቡን ለመያዝ ይረዳል። እኔ ጎረቤቴን እጠይቃለሁ፤ ካርቱም ብዙ ዘመን ኖራ በ2015 ሚያዝያ ጦርነቱ ሲነሣ በመተማ በኩል የተመለሰች ሴት ናት። ቡና እየጠጣን የካይሮውን ዜና እያነበበች ትነግረኛለች።

ወረቀቱን ለሦስት ክፈሉት፦ ቁጥር፣ ተናጋሪ፣ የተተወ። እጅግ የሚጠቅመው ሦስተኛው ነው፤ እሱን ለመሙላት ግን ሌሎቹን ዘገባዎች ማየት ግድ ይላል።

ከቁጥሩ እንጀምር። የአዲስ አበባው ዘገባ ግብፅ ውስጥ አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው ይላል። የካይሮው ደግሞ ግብፅ ከምትጠቀመው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከናይል ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። ያጋደሉት በተናገሩት ሳይሆን በተዉት ነው፤ የእኛው ግብፅ ዝናብ የሌላት አገር መሆኗን ይተዋል፣ የእነሱ ውሃው ከየት እንደመጣ ይተዋል። በየ«የተተወ» ዓምዳቸው አንዱን ለሌላው ጻፉለት።

ከዚህ የባሰ አሳሳች ቁጥር አለ። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 በተፈራረሙት ውል ግብፅ በዓመት 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተካፈሉ። ኢትዮጵያ በውሉ አልነበረችበትም። የግድባችን ሐይቅ የሚይዘው ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። 55.5ና 74 ያለ ማብራሪያ በአንድ አንቀጽ ሲቀመጡ አንባቢ ምን ይረዳል? ኢትዮጵያ የግብፅን የዓመት ድርሻ ጠቅልላ የወሰደች ይመስለዋል። ግን አንደኛው በየዓመቱ የሚፈስ ውሃ ነው፣ ሌላኛው በየክረምቱ ጥቂት በጥቂት ለዓመታት የተጠራቀመ። በ2012 ክረምት የተያዘው 4.9 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ተርባይን የሚያዞረው ውሃም ወደ ወንዙ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን አጻጻፍ ስታገኙ ያለ ማመንታት «ያጋደለ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ቁጥሮቹ ትክክል ቢሆኑም አቀማመጣቸው ያሳስታል።

ተናጋሪውንም ቁጠሩ። ስንት ኢትዮጵያዊ፣ ስንት ግብፃዊ፣ ስንት ሱዳናዊ ተናገረ? የመጀመሪያውን ቃል ማን አገኘ፣ የመጨረሻውንስ? ግድቡ ያለበት የጉባ ነዋሪ ወይም የናይል ደልታ ገበሬ ቃሉ አለ ወይ? ባለሥልጣን ብቻ የሚናገርበት ዘገባ፣ ባለሥልጣኖቹ ከሁለት ወገን ቢሆኑ እንኳ፣ ለእኔ ግማሽ ነው።

ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ

ሐምሌ 8 ቀን 2012 «ኢትዮጵያ ግድቡን መሙላት ጀመረች» የሚል ዜና በዓለም ተናኘ። መነሻው የሳተላይት ምስልና በጊዜው የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ስለሺ በቀለ የሰጡት መግለጫ ነበር። ሚኒስትሩ ውሃው የተኛው ግንባታው በደረሰበት ደረጃ የተነሣ መሆኑን አስረዱ። በሰፈራችን የተቆጣው ብዙ ነበር፤ የውጭ መገናኛ ብዙኃን ሆን ብለው ሊያጣሉን ነው ተባለ። ሐምሌ 14 ቀን ግን የመጀመሪያው ዓመት ሙሌት መጠናቀቁን መንግሥት ራሱ አበሠረ።

በዚያው ሰሞን የሱዳን መስኖ ሚኒስቴር በድንበር ላይ ባለው የዴም መለኪያ ጣቢያ ውሃው በቀን 90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል መቀነሱን ገለጸ። ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ ካርቱምን ታይቶ የማይታወቅ ጎርፍ አጥለቀለቃትና ሱዳን ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀች። ግድቡ ጎርፉን ሊቀንስላት ይችላል፤ ውሃው ያለ ማስጠንቀቂያ ቢለቀቅ ወይም ቢያዝ ግን ከታች ያለው የሮዛሪስ ግድቧ ይቸገራል። የሱዳን ዘገባ አንድ ቀን ወደ እኛ፣ አንድ ቀን ወደ ግብፅ ያዘነበለ ሲመስለን ቶሎ «ተገዙ» እንላለን። እኔ እንደማየው፣ ሱዳናውያን ዘጋቢዎች በብዙው የጻፉት የአገራቸውን እውነተኛ ሁለት ጥቅም ነው።

ስለዚህ ያስቆጣችሁን ዘገባ ከነቀኑ አስቀምጡት፤ ሳምንት ቆይታችሁ ከኋላ ከመጣው ጋር አስተያዩት። ለሌላ ሰው ማጋራት ከፈለጋችሁም ያን ጊዜ አጋሩት።

ከዜናው ሥር ያለውን ዜማ ለዩ

ይህ የሙያዬ ክፍል ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። የቴሌቪዥን ዘገባ ከቃሉ ሌላ ማጀቢያ ሙዚቃ አለው፤ ማጀቢያው ደግሞ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል አስተያየት ይሰጣል። ቁጥር ቢሳሳት «ተሳስተሃል» ይባላል። ዋሽንት ቢገባ ማን ምን ይላል?

አንድ የግድቡን ዘገባ ምረጡና መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ ተመልከቱ። ምን ታያላችሁ? ኮንክሪት፣ ውሃ፣ ባንዲራ፣ የሚጨባበጡ ሰዎች፤ ወይም የተሰነጣጠቀ መሬትና የደረቀ ቦይ። ያ የተሰነጣጠቀ መሬት የት እንደተቀረጸና መቼ እንደተቀረጸ ተጽፏል? ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። ቀጥሎ ስልኩን ገልብጣችሁ በማዳመጫ ድምፁን ብቻ ስሙ። ከተራኪው ድምፅ ሥር ያለውን ተከተሉ። በእኛ በኩል ክራርና ማሲንቆ በአንቺ ሆዬ ወይም በአምባሰል ይገባል፤ ግድቡ ሲታይ ከበሮው ይጠነክራል፤ ፉከራ የሚመስል ድምፅ ይከተላል። በሌላው ወገን ከታች ወፍራም፣ ረጅም፣ የማይለወጥ ድምፅ ይዘረጋል፤ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ሲነሣ ቫዮሊኖቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሁለቱንም ያለ ሙዚቃ በጽሑፍ ብታነቡአቸው ብዙ ጊዜ የሚቀራረብ ዜና ነው የያዙት።

ሙዚቃው የገባበትንና የወጣበትን ደቂቃ ጻፉ። ስለ ራሳችን ስኬት ሲወራ ብቻ የሚገባ፣ ስለ ወጪውና ስለ መዘግየቱ ሲነሣ የሚጠፋ ከሆነ፣ አዘጋጁ እንድትኮሩ እንጂ እንድታውቁ አልፈለገም። እኔ በግድቡ እኮራለሁ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እንባዬ መጥቷል። ኩራቴን ግን በዘፈን እፈልገዋለሁ፤ ዜና ሲቀርብልኝ ማጀቢያው ይቅርልኝ።

ጆሯችሁን ከአንድ ቅኝት አውጡ

የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታውም ባቲውም፣ አምስት ድምፅ አላቸው። የሱዳን ሙዚቃም በብዛት ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ መሐመድ ወርዲ ዓረብኛ የማይሰማውን ሐበሻ ሁሉ ሊማርክ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የግብፁ ግን ሌላ ነው። ራስት የሚባለውን መቃም፣ ማለትም የዓረብ ቅኝት፣ ብትሰሙ፣ ሦስተኛው ድምፅ እኛ ከለመድነው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከሁለት ድምፆች መካከል ይቆማል። ለክራር ተማሪ መጀመሪያ ሲያሰሙት «ክሩ ረግቧል» ይላል። አልረገበም። ተጫዋቹ በዘፈኑ ሁሉ ያንኑ ቦታ ሳይስት እየደጋገመ ይረግጠዋል፤ የረገበ ክር እንዲህ አያደርግም፣ በየጊዜው ሌላ ቦታ ይወድቃል።

ለዘገባም የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው። አንድ ጋዜጣ ከእኔ የተለየ አቋም ይዞ፣ ያንኑ መለኪያ በራሱ መንግሥት ላይም የሚጠቀም ከሆነ ቅኝቱ ሌላ ነው፤ ላልስማማ እችላለሁ እንጂ አነበዋለሁ። መለኪያው እንደ ወዳጅና እንደ ጠላት የሚቀያየር ከሆነ ግን ክሩ ረግቧል። ይህን ለመፈተን የአገሮቹን ስም አቀያይራችሁ አንብቡ፦ «ግብፅ» ባለበት «ኢትዮጵያ» አስገቡ። ያው ዓረፍተ ነገር አሁንም ይቆማል?

ለዚህ ጆሮ ልምድ ያስፈልገዋልና የማደምጠውን ሆን ብዬ እቀላቅላለሁ። በሑዳዴ በገና፤ ጠዋት ሥራ ስጀምር የኮንጎ ጊታር፤ ማታ ዜናው ሲያልቅ ዑድ የሚባለው የዓረቦች ባለ ክር መሣሪያ ብቻውን፣ ዘፋኝ ሳይኖረው። የዓሊ ቢራን የኦሮምኛ ዜማዎች ከዑዱ ጋር መስማት ከእኛ ወደ መቃሙ ለመሻገር መልካም ድልድይ ሆኖልኛል። ከዚያ በኋላ ግብፃዊቷን ዘፋኝ ኡሙ ኩልሱምን ትችላላችሁ። በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ የካይሮ ሬዲዮ ኮንሰርቷን በቀጥታ ሲያስተላልፍ የዓረብ ዓለም ጆሮውን ይሰጣት ነበር፤ አንዱ ዘፈን ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ሕዝቡ «ድገሚው» ሲላት ያንኑ ስንኝ ሌላ አድርጋ ትመልሰዋለች። ጎረቤቴ ስታስተረጉምልኝ ዓባይን እንደ እኛው በእንጉርጉሮ የሚያወድስ ሕዝብ መሆኑን አየሁ። የካይሮውን ዜና የምቃወምበት ነጥብ አልተለወጠም፤ የሚያነበው ሰው ግን ከዚያ ወዲህ ፊት አለው።

አንድ የቴክኒክ ነገር፦ በስልካችሁ ላይ ቪዲዮ በራሱ የሚያስከትለውን ቅንብር አጥፉት። የሚቀጥለውን ዘፈን የሚመርጥላችሁና የሚቀጥለውን የፖለቲካ ተንታኝ የሚመርጥላችሁ አንድ መሣሪያ ነው፤ ትናንት የወደዳችሁትን አጥብቆ ይመልስላችኋል። የምትሰሙትን በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈልጉ።

ስሕተት ስታገኙ

ሁሉም ስሕተት አድልዎ አይደለም። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ሲጀመር 5,250 ሜጋ ዋት ተባለ፤ በኋላ 6,000፣ ከዚያ 6,450 ተባለ፤ ያለቀው በ13 ተርባይን 5,150 ሆኖ ነው። ዛሬም 6,000 የሚል ዘገባ ካያችሁ ዘጋቢው ከድሮ ጽሑፍ ቀድቶ ይሆናል፤ ይህ ስንፍና ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉላቸው። ስድብ፣ ታሪክና የአድዋ ድል አትጨምሩ። የዘገባውን ርዕስ፣ ቀኑን፣ ቪዲዮ ከሆነ ደቂቃውን፣ የተሳሳተውን ቁጥርና ትክክለኛውን በአራት መስመር አስቀምጡ፤ ለራሳችሁ ጣቢያም እንዲሁ። ለአንድ የአገር ውስጥ ጣቢያ የተርባይኖቹን ቁጥር እንዲህ ጽፌላቸው ነበር፤ መልስ አልሰጡኝም፣ ጽሑፉ ላይ ያለውን ግን አስተካክለውታል።