አይላንተስን ከጓሮ ማስወገድ፦ መጋዝ ከማንሣትዎ በፊት

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በፔንሲልቬንያ ጓሮ ያለው ቤት የገዙ ወገኖቻችን ስለ አትክልት ሲጨዋወቱ ደጋግመው ከሚያነሡት ነገር አንዱ፣ ማንም ሳይተክለው ከአጥር ሥር በቅሎ በአጭር ጊዜ ከሰው ቁመት የሚያልፈው ዛፍ ነው። እዚህ አገር ትሪ ኦፍ ሄቨን ይሉታል፤ ሳይንሳዊ ስሙ አይላንተስ አልቲሲማ ነው። የአብዛኞቹ ጓሮ አልሚዎች ታሪክ ተመሳሳይ ነው፦ መጀመሪያ ቅጠሉ ስለሚያምርና ጥላ ስለሚሰጥ ይተዉታል፣ ጣሪያ ሲደርስ ያስቆርጡታል፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአንዱ ፈንታ ብዙ ሆኖ በሣሩ፣ በጎመኑ መደብና በእግረኛ መንገዱ ስንጥቅ መካከል ብቅ ብቅ ይልባቸዋል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ምክር ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገር ይገባዋል፤ ዛፉን አስቀድመው አይቁረጡት። ሥሩ መሞት ያለበት ግንዱ ቆሞ፣ ቅጠሉም ለምልሞ ሳለ ነው።

ዛፉ የቻይና ተወላጅ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1740ዎቹ ዘሩ ወደ ፓሪስ ተላከ፤ በ1784 ደግሞ ዊልያም ሐሚልተን የተባለ የአትክልት አፍቃሪ ወደ ፊላዴልፊያ አስገባው። ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ የከተማ ጭስና አቧራ ስለማይበግረው፣ በተጎዳ አፈር ላይም ስለሚጸድቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ አሜሪካ ከተሞች የጎዳና ዳር ጌጥ ሆኖ በብዛት ተተከለ። ያን ጊዜ ያስመረጡት እነዚያው ጠባዮች ዛሬ ከባቡር ሐዲድ ዳር እስከ ጫካ ጠርዝ ድረስ ወራሪ አድርገውታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ከወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ስላስገባው በአባል አገሮቹ መሸጥም ሆነ ማልማት ተከልክሏል፤ በእስራኤልም ከወራሪ ዛፎች ተራ ይቆጠራል። ከዚህ በታች የተጻፈው በአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ላለ ጓሮ የሚሆን ቢሆንም የዛፉ ጠባይ በየትም አንድ ነው።

በትክክል መለየት

የመጀመሪያው ሥራ ዛፉ በእርግጥ አይላንተስ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የአገሩ ተወላጅ የሆኑት ብላክ ዋልነትና ስታግሆርን ሱማክ በሩቅ ሲታዩ እጅግ ይመስሉታል፤ ሁለቱም ለአእዋፍና ለእንስሳት የሚጠቅሙ፣ ቢቻል ሊጠበቁ የሚገባቸው ዛፎች ስለሆኑ በስሕተት ቢገደሉ ጉዳቱ ለጓሮው ብቻ አይደለም። የአይላንተስ ቅጠል በአንድ ረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ከ10 እስከ 40 የሚደርሱ ትንንሽ ቅጠሎች ያሉት ሲሆን፣ ዘንጉ ከ30 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ አልፎ አልፎ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል።

አንዲቱን ትንሽ ቅጠል ቀጥፈው መዳፍዎ ላይ ያኑሯትና በደንብ ይመልከቷት። ጠርዟ ልሙጥ ነው፤ ከዘንጉ ጋር በምትያያዝበት ግርጌ ላይ ግን አንድ ወይም ሁለት ጥርስ መሰል ጉብታ ይታያል። ቅጠሏን ሲገለብጧት በዚያው ጥርስ ጫፍ አጠገብ እብጥ ያለች ትንሽ ዕጢ ያገኛሉ። የዋልነትና የስታግሆርን ሱማክ ቅጠሎች ግን ዙሪያቸውን በሙሉ በደቃቅ ጥርስ የተከረከሙ ናቸው፤ ሱማክ በተጨማሪ ቀይና ጠጉራም የሆነ፣ ወደ ላይ የቆመ የፍሬ ዘለላ አለው። ከዚያ ቅጠሏን በጣትዎ ጨፍልቀው ያሽትቷት። የአይላንተስ ሽታ የከረመ የለውዝ ቅቤን ይመስላል፣ አንድ ጊዜ ያሸተተውም ሰው አይረሳውም። ቅጠሉ በረገፈበት ወቅት ደግሞ በወፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ ቅጠሉ የተላቀቀበትን ሰፊ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ይፈልጉ። ይህ ሁሉ ካላሳመነዎት የቅጠሉን ግርጌ በቅርብ ፎቶ አንሥተው በሚኖሩበት ካውንቲ ለሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮ ያሳዩ፤ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም፣ በፔንሲልቬንያም እንዲህ ያለ ቢሮ ለጓሮ አልሚዎች ምክር ይሰጣል።

ዛፎቹ ወንድና ሴት ተብለው ይለያያሉ። ሴቲቱ በአንድ ዓመት እስከ 300,000 የሚደርስ ዘር ልታፈራ ትችላለች፤ ዘሩም ክንፍ ስላለው ነፋስ ርቆ ይወስደዋል። በጓሮዎ ብዙ ዛፎች ካሉና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስወገድ አቅም ካነሰዎት፣ በዘለላ የተንጠለጠለ ዘር ከያዙት ይጀምሩ።

መቁረጥ ለምን ያባብሰዋል?

ባሕር ዛፍ የቆረጠ ሰው ጉቶው መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ያውቃል፤ በዚያው ልምድ ተመርቶም አይላንተስን ቆርጦ ጉቶውን መጠበቅ የሚበቃ ይመስለዋል። አይላንተስ ግን ከጉቶው ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን ከተዘረጉት ሥሮቹም ያቆጠቁጣል፣ ቡቃያውም ከእናቱ ግንድ 15 ሜትር ያህል ርቆ ሊወጣ ይችላል። ግንዱ በድንገት ሲወገድ ሥሩ ያጠራቀመውን ምግብ ሁሉ ወደነዚህ ቡቃያዎች ስለሚልክ በአንድ ዓመት 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ያድጋሉ። ጉቶውን በፀረ አረም መቀባትም ጉቶውን እንጂ ሥሩን አይገድልም፤ ምክንያቱም ከላይ ምግብ የሚልክ ቅጠል ከሌለ መድኃኒቱን ወደ ታች የሚወስደው ነገር የለም። ብዙ ገንዘብ ከፍለው ትልቅ ዛፍ ያስቆረጡ ሰዎች የሚያዝኑት በዚህ ነው፤ ቆራጮቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተው ይሄዳሉ፣ ችግሩ ግን መሬት ውስጥ ይቀራል።

ሥሩን መቆፈርም ከዚህ የተሻለ ውጤት የለውም፤ አፈር ውስጥ የተረሳ ቁራጭ ሥር ራሱን ችሎ ይበቅላልና። ጨው፣ በረኪናና ነዳጅ ማፍሰስ የሚመክሩ ሰዎችም አሉ። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፤ አፈሩን ለዓመታት ይጎዳል፣ ወደ ውኃ መውረጃም ይገባል፣ የዛፉ ሥር ግን ከተመረዘው ቦታ አልፎ ይበቅላል።

ጊዜውና አሠራሩ

ዛፉ በጸደይ ቅጠል በሚያወጣበት ወራት ምግቡን ከሥር ወደ ላይ ይገፋል። ከጁላይ ጀምሮ ቅጠሉ ቢጫ መሆን እስኪጀምር ድረስ ግን ቅጠሎቹ ያዘጋጁትን ስኳር ወደ ሥር ያወርዳሉ፤ በዚህ ጊዜ በግንዱ የገባ ፀረ አረም ከስኳሩ ጋር አብሮ እስከ ሩቁ ሥር ይደርሳል። በኤፕሪል ወይም በሜይ ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ግንዱን አድርቆ ሥሩን ይተዋል፣ ስለዚህ ትዕግሥት የሥራው ግማሽ ነው።

ለመካከለኛና ለትልቅ ግንድ የሚመረጠው ዘዴ ግንዱን በትንሽ መጥረቢያ ሰንጥቆ መድኃኒት መጨመር ነው። ለጓሮ አልሚ በገበያ የሚገኙት ግላይፎሴት ወይም ትሪክሎፒር የያዙ ፀረ አረሞች ለዚህ ይሆናሉ። ኢማዛፒር የያዘውን ግን በቤት ጓሮ ባይጠቀሙ ይሻላል፤ በአፈር ውስጥ ተንቀሳቅሶ ሊያቆዩ የሚፈልጉትን ጎረቤት ዛፍ ሊገድል ይችላል። ለሥራው በሚመችዎ ቁመት ላይ መጥረቢያውን ወደ ታች ዘንበል አድርገው ቅርፊቱን አልፎ ነጩ እንጨት እስኪደርስ አንድ ጊዜ ይምቱ፣ በተከፈተችውም ስንጥቅ ውስጥ በእጅ መርጫ ወዲያውኑ ጥቂት መድኃኒት ይጨምሩ፤ ሞልቶ መሬት ላይ መፍሰስ የለበትም። ከዚያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ያልተነካ ቅርፊት ትተው ቀጣዩን ይምቱ፣ እንዲህ እያሉ ግንዱን ይዙሩ። በስንጥቆቹ መካከል የሚተወው ቅርፊት ትልቅ ቁም ነገር ነው። ምግብ ወደ ታች የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ስለሆነ፣ ዙሪያውን በሙሉ የቆረጠ ሰው መድኃኒቱ የሚሄድበትን መንገድ ራሱ ይዘጋዋል፣ ዛፉንም የተቆረጠ ያህል ያስደነግጠዋል።

ውፍረቱ ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች ለሆነ ግንድ፣ ከዘይት ጋር የተዘጋጀ ትሪክሎፒር በግንዱ የታችኛው 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ዙሪያውን መቀባት ይቻላል። ቁመታቸው አጭር ለሆኑ የሥር ቡቃያዎች ደግሞ ቅጠል ላይ መርጨት ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ብቻ ይርጩ። ቲማቲምና ቃሪያ በትሪክሎፒር በቀላሉ ይጎዳሉ፤ የብዙዎቻችን የቃሪያ፣ የጎመንና የጤና አዳም መደብ ደግሞ ዛፉ ከሚበቅልበት አጥር ጎን ነው። መደቡ ቅርብ ከሆነ መርጨቱን ትተው በግንድ ብቻ ይሥሩ።

በየጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መመሪያ ከዚህ ጽሑፍ ያስበልጡ። በአሜሪካ ከመለያ ጽሑፉ ውጭ ፀረ ተባይና ፀረ አረም መጠቀም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ የሚበጠበጥበት መጠንም ከምርት ምርት ይለያያል። እንደ ሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ያሉ ካውንቲዎች ደግሞ በግል ጓሮ ስለሚረጭ ኬሚካል የራሳቸው ጥብቅ ደንብ ስላላቸው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ልብስና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ አይጀምሩ፤ የዛፉ ፈሳሽ ራሱ ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላልም። ልጆችና የቤት እንስሳት መድኃኒቱ እስኪደርቅ ከቦታው ይራቁ።

ከዚያ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ይጠብቁ። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲረግፍ ማየት ደስ ቢያሰኝም መድኃኒቱ መሬት ውስጥ ሥራውን ገና አልጨረሰ ይሆናልና መጋዙን አያንሡ። ጊዜው ካለፈና ግንዱ ከሞተ በኋላ መቁረጥ ይቻላል፤ ለቤት ወይም ለኤሌክትሪክ መስመር የቀረበ ትልቅ ዛፍ ከሆነ ግን ፈቃድና ኢንሹራንስ ላለው ባለሙያ ይስጡት፣ የሞተ አይላንተስ ተሰባሪ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ የግንዱ ዙሪያ 44 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ዛፍ በግል ይዞታም ላይ ቢሆን ያለ ከተማው ፈቃድ አይቆረጥም። ዛፉ በጎረቤት በኩልም ካለ ሥሩ በአጥሩ ሥር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱ ቤቶች ተነጋግረው በአንድ ሰሞን ቢሠሩት ነው የሚያዋጣው።

ችግኙ፣ ተባዩና ቀጣዩ ዓመት

ከዘር የበቀለ ለጋ ችግኝ ያለ ምንም ኬሚካል ይነቀላል፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ አፈሩ ሲለሰልስ ከግርጌው ይዘው ሥሩን ሙሉ ያውጡት። የመጀመሪያ ቅጠሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ስለሚወጡ ከሥር ቡቃያ ይለያል። ስቦ ስቦ እምቢ ያለ፣ ገና ከመሬት ሲወጣ ረጅም ባለ ብዙ ቅጠል የሆነው ግን የሥር ቡቃያ ነውና እየበጣጠሱ አይድከሙ፤ እስከ ጁላይ ይተዉትና ከላይ በተገለጸው መንገድ ያክሙት።

ይህ ዛፍ ስፖትድ ላንተርንፍላይ ለተባለ ተባይ ተመራጭ ማደሪያ መሆኑም ሥራውን ያስቸኩለዋል። በ2014 በፔንሲልቬንያ በርክስ ካውንቲ የተገኘው ይህ ተባይ በ2018 ቨርጂኒያ ደርሷል፤ ወይንን ክፉኛ ይጎዳል፣ የሚጥለው ጣፋጭ ፈሳሽም በረንዳና የጓሮ ወንበር ላይ ጥቁር ሻጋታ ያመጣል። ከሴፕቴምበር ወዲህ በግንዱ ላይ የደረቀ ጭቃ የሚመስል ልጥፍ ካዩ እንቁላሉ ስለሚሆን ፍቀው አልኮል ባለበት ዕቃ ውስጥ ይጨምሩት።

አይላንተስ የሌሎችን ተክሎች እድገት የሚገታ አይላንቶን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ አፈር ስለሚለቅ፣ ዛፉ በቆመበት ቦታ አትክልት ለመትከል አይቸኩሉ። መድኃኒት የነካውን ቅጠልና ፍርፋሪም ለመደብ ማዳበሪያ አያድርጉት። ባዶ የቀረ መሬት ለአዲስ ዘር ምቹ ስለሆነ፣ በመለያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሲያልፍ እንደ ሬድበድ ወይም ሰርቪስቤሪ ያለ የአገሩን ዛፍ ይትከሉበት። በሚቀጥለው ዓመትም በጁላይ አጋማሽ ከግንዱ ቦታ ተነሥተው በየአቅጣጫው 15 ሜትር ድረስ፣ ከተቻለም ከጎረቤት ጋር ሆነው አጥሩን ተሻግረው ይፈትሹ፤ ያገኙትን ቡቃያ በዚያው ሰሞን ያክሙ፣ አዲስ ቡቃያ መውጣቱ እስኪቆምም ድረስ ይህንኑ በየዓመቱ ይድገሙት።