ኤ.ኤል.ኤስ ላለበት ሰው የጥርስ ሕክምና፦ እኛ ጋ የሠራው

አባቴ ኤ.ኤል.ኤስ (ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮችን እየጎዳ ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚያደክም በሽታ) አለበት። ምላሱና ጉሮሮው ደክመዋል። በዚህ ላይ አንዱ መንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡሮ እንቅልፍ ነሳው።

ያስቸገረን ከጥርሱ ይልቅ ወንበሩ ነበር። ወደ ኋላ ሲዘረጋ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ስለደከሙ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከመቦርቦሪያው የሚረጨው ውሃም ጉሮሮው ላይ ይጠራቀማል። አንድ ክሊኒክ ገና ሲያየን «አንችልም» ብሎ መለሰን።

ሌላ ሐኪም ጋ አስቀድሜ ደውዬ ሁኔታውን ዘርዝሬ ነገርኳት። ቀጠሮው ጠዋት ሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ጉልበት የለውማ። ወንበሩን ቀና እንዳለ ተወችው፣ እሷ ቆማ ሠራች። ረዳቷ መምጠጫውን ከአፉ አልነቀለችም። አፍ ከፍቶ መቆየት ስለሚያደክመው በጥርሶቹ መካከል የጎማ መደገፊያ አስገባችለት፤ እንዳይዋጥ ክር ታስሮበታል። ማደንዘዣው በመርፌ እዚያው ድዱ ላይ ብቻ ነው፤ የሚያስተኛ መድኃኒት ትንፋሽ ስለሚያዳክም አልተሰጠውም።

«አባባ፣ ሲደክምዎት ጣትዎን ያንሱ» አለችው። ደጋግሞ አነሳ (አንዳንዴ ሆን ብሎ ይመስለኛል)፣ እሷም ሳትሰለች አቆመች።

ቤት ውስጥ አሁን አረፋ የማያወጣ የጥርስ ሳሙና በጣም ጥቂት እቀባለሁ። መጉመጥመጥ ስለማይችል አፉን በእርጥብ የቁስል መጥረጊያ ጨርቅ (ጎዝ) እጠርግለታለሁ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ። የቀሩትንም ጥርሶች መዋጥና መተንፈስ ሳይብስበት አሁኑኑ እናስጨርሳለን።