የቆቃን ውሃ ለማንበብ፦ ገመድ፣ ጎማና ሲሪንጅ

ከሃያ ዓመት በላይ ጠርሙስ ስሞላ ኖሬአለሁ። ጽሑፉን የሚጽፉት ምሁራኑ ናቸው፤ ጀልባ ላይ ተደፍቼ ውሃውን የምቀዳው፣ ማታ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የምቆጥረው ግን እኔ ነኝ። ሰሞኑን ከውሃ ቢሮ የመጡ ጀማሪዎችንና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ወደ ቆቃ ሐይቅ እየወሰድኩ አሠራሩን አሳያለሁ። አንድ ነገር ደጋግሜ ስለምናገር በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ፤ ጉሮሮዬም ይረፍ።

ደጋግሜ የምናገረው ይህን ነው፤ በስንት ሰዓት፣ ነፋሱ ከየት ሲነፍስ፣ ከየትኛው ጥልቀት እንደተቀዳ ያልተጻፈበት የውሃ ናሙና ናሙና አይደለም፤ አረንጓዴ ፈሳሽ ነው።

ቆቃ ለምን እንዲህ በአልጌ አረንጓዴ ሆነ የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። አዋሽን ገድቦ ሐይቁን የፈጠረው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራ ነው፤ የታሰበውም ለመብራት ነበር። አዋሽ ግን ባዶ እጁን አይመጣም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወርዶ፣ በአባ ሳሙኤል በኩል አልፎ አዋሽ ውስጥ ይገባል። የሞጆ ወንዝ ደግሞ የከተማውንና የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ በሌላ በኩል ይደርሳል። በዳር በዳሩ ያለው የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ የበላው ማዳበሪያ ትራፊም እዚያው ነው። ፎስፈረስና ናይትሮጅን፣ ሞቃት ውሃ፣ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ፤ አልጌ ሌላ ምን ይፈልጋል? እምቦጭም እ.ኤ.አ. በ1965 በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው በዚሁ በቆቃና በአዋሽ ነው፤ ጣና ላይ ሲታይ ነው አገር የደነገጠው።

አሁን ወደ ሥራው። ሥራው የሚጀምረው በዋዜማው፣ በጠርሙስ እጥበት ነው። ፎስፌት የምትለኩበትን ጠርሙስ በዱቄት ሳሙና አትጠቡ። ሳሙናው ራሱ ፎስፌት ሊኖረው ይችላል፤ እናንተ የሐይቁን ስትለኩ የሳሙናውን ትለካላችሁ። በቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለቅልቁ፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ። እርሳስ ያዙ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥብ ወረቀት ላይ ይፈስሳል። ጓንት ያዙ። ጀልባ ቀዛፊው «እዚህ አንሂድ» ካለ አትከራከሩት፤ ጉማሬው የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ከቻላችሁ ሁለት ጊዜ ውጡ፤ አንዴ ሊነጋጋ ሲል ከ12 ሰዓት በፊት፣ አንዴ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ። አልጌ የሞላበት ውሃ ቀን ቀን ኦክስጅን ያመርታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚመጥጠው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ9 በላይ ይወጣል። ሌሊት ፀሐይ የለችም፤ ያ ሁሉ ሕይወት ግን ይተነፍሳል። ስለዚህ ያው ውሃ ከሰዓት በኋላ ኦክስጅን ተርፎት፣ ንጋት ላይ ዓሣውን ሊያፍን ይችላል። ቆሮሶዎቹ ማለዳ ላይ ላዩን እየመጡ አፋቸውን ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ ካያችሁ መለኪያ ሳታወጡ ግማሹን መልስ አግኝታችኋል። አንድ ጊዜ ሁለት ቡድኖች አንዱ የጠዋቱን፣ ሌላው የከሰዓቱን ይዘው «የናንተ መሣሪያ ተበላሽቷል» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ደርሻለሁ። ሁለቱም መሣሪያዎች ደኅና ነበሩ።

ውሃው ምን ያህል እንደጠራ በዓይን ለመለካት ሴኪ ዲስክ ያስፈልጋል። አንጄሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ካህንና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1865 በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነጭ ሳሕን ወደ ውሃ እያወረደ የት ላይ እንደሚሰወር ለካ። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ከቆርቆሮ ወይም ከወፍራም ፕላስቲክ 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ፣ አራት ቦታ ከፍላችሁ ሁለቱን ነጭ ሁለቱን ጥቁር ቀቡ፣ ከሥሩ ክብደት እሰሩበት። ገመዱ የማይለጠጥ ይሁን። የገበያ ናይለን ገመድ ሲረጥብ ይረዝማል፤ ነክራችሁ ወጥራችሁ እንደረጠበ ምልክት አድርጉበት። ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጀልባው ጥላ በኩል፣ ያለ ፀሐይ መነጽር አውርዱት። ሲሰወር አንብቡ፣ ወደ ላይ ስትስቡት ሲታይ አንብቡ፣ አማካዩን ጻፉ። ለጠራ ሐይቅ በየ10 ሴንቲሜትሩ ምልክት ማድረግ ይበቃል፤ ለቆቃ ግን በየ2 ሴንቲሜትሩ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሜትር ሳይሞላ ስለሚሰወር በየ10 ሴንቲሜትሩ ከሆነ ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ይመስላችኋል።

ግን ተጠንቀቁ። በሐምሌና በነሐሴ አዋሽ ከደጋ አፈር ተሸክሞ ሲመጣ ዲስኩ 20 ሴንቲሜትር ላይ ሊጠፋ ይችላል። ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲረጋና ብርሃን ወደ ውሃው ሲገባ አልጌው ይፈላል፤ ዲስኩም እንደገና 20 ላይ ሊጠፋ ይችላል። ቁጥሩ አንድ፣ ውሃው ሌላ። ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ የውሃውን መልክ ጻፉ፤ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ወይስ የፈሰሰ የቅባት ቀለም የመሰለ? ቀጥሎም ማን እንደሚኖርበት ወደ ማየት እለፉ።

ውሃ ስትቀዱ በጆግ ከላይ መጥለቅ ትልቁ ስሕተት ነው። ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሳያኖባክቴሪያ (አልጌ የሚመስል፣ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ባክቴሪያ) በሰውነቱ ውስጥ ጋዝ የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሉት ነፋስ በሌለበት ጠዋት ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ገፍቶ ገፍቶ አንዱ ዳርቻ ላይ እንደ ገንፎ ይከምረዋል። ከዚያ ዳርቻ የቀዳ ሰው ሐይቁ ሞቷል ይላል፤ ከማዶ የቀዳው ምንም የለም ይላል። የእኔ መድኃኒት ሁለት ሜትር ተኩል የአትክልት ማጠጫ ጎማ ነው። ታችኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደትና ቀጭን ገመድ አስራችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሁለት ሜትር አውርዱት። የላይኛውን ቀዳዳ በአውራ ጣት ግጥም አድርጉ፣ ታችኛውን ጫፍ በገመዱ ወደ ላይ ሳቡ፣ ባልዲ ውስጥ ገልብጡ። ከላይ እስከ ሁለት ሜትር ያለውን ውሃ በአንድ ጊዜ አገኛችሁ ማለት ነው። ሦስት አራት ቦታ ደግሙት። የዳርቻውን አረፋ ለብቻው በሌላ ጠርሙስ ውሰዱ፤ ሕፃናት የሚዋኙትና ከብት የሚጠጣው እዚያው ነውና መለካቱ ያስፈልጋል፤ ከመካከሉ ውሃ ጋር ግን አትቀላቅሉት።

ለዙፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ለሚንሳፈፉት ጥቃቅን እንስሳት፣ መረብ ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጣው ውድ ነው። መርካቶ ቲሸርት የሚያትሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት የስክሪን ጨርቅ አለ፤ በሴንቲሜትር 120 ክር ያለውን ጠይቁ፣ ቀዳዳው 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ሻጩ «ለምን ሥራ ነው?» ሲለኝ «ለቁንጫ ማጥመጃ» ብዬው ሲስቅ ዋጋ ቀንሶልኛል፤ የውሃ ቁንጫ እንደሆነ አልነገርኩትም። አፉ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ሾጣጣ ከረጢት አሰፉት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጠርሙስ እሰሩ። ሁለት ሜትር ቀጥ አድርጋችሁ ብትስቡት 140 ሊትር ያህል ውሃ አጥልላችኋል። በአልጌ ዘመን መረቡ ቶሎ ይደፈናል፤ ያኔ በባልዲ የለካችሁትን 20 ሊትር አፍሱበት፣ ስሌቱ የሚታመነው እንደዚያ ነው። ጥቃቅኑ አልጌ በዚህ ቀዳዳ ሾልኮ ስለሚያልፍ እሱን ከጎማው ውሃ እንጂ ከመረቡ አትቁጠሩ።

ናሙናው እንዳይበላሽ ሉጎል የሚባለውን የአዮዲን ፈሳሽ እንጨምራለን። 20 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በጥቂት የተጣራ ውሃ አሟሙ፣ 10 ግራም አዮዲን ጨምሩ፣ ከዚያ 200 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ሙሉት። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ አዮዲን ብቻውን ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ለ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ መልኩ ቀጠን ያለ ሻይ ይምሰል። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

ይህን ቸል ብዬ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ጀማሪ ሳለሁ ሉጎሉን ረስቼ ወጣሁ። አረፋውን በሙሉ ጠርሙስ ቀድቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ ከመኪናው ኋላ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ስከፍተው ሽታው ላቦራቶሪውን አስለቀቀን። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቀለሙ ነው፤ አረንጓዴው ውሃ እንደ ቀለም ብልቃጥ ሰማያዊ ሆኗል። አለቃዬ ማቅለሚያ የገባበት መስሎት ተቆጣኝ። ኋላ ሲገባን የሳያኖባክቴሪያው ሕዋሳት ፈንድተው ፋይኮሳያኒን የሚባለው ሰማያዊ ቀለማቸው ወጥቷል። ዳርቻ ላይ የደረቀ አረፋ ሰማያዊ ጠርዝ ካሳየ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሕዋሱ ሲፈነዳ መርዙም አብሮ ይወጣል። መዳብ ሰልፌት ረጭተን አልጌውን እንግደለው የሚሉ ሰዎችም ይህን ነገር ያስቡበት።

ማይክሮስኮፕ ከሌላችሁ ሦስት ቀላል ፈተናዎች አሉ። እንጨት ንከሩ፤ እንደ ጸጉር የተንጠለጠለ ክር ይዞ ከወጣ ተራ አረንጓዴ አልጌ ነው፣ ቀለም የተቀባ መስሎ ከወጣ ሳያኖባክቴሪያን ጠርጥሩ። ሁለተኛው፣ ውሃውን በብርጭቆ ማሰሮ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሳይነካ አሳድሩት፤ አረንጓዴው ከላይ ቀለበት ከሠራ ጥርጣሬው በረታ። ሦስተኛውን እኔ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1895 ክሌባን የተባለ ጀርመናዊ በዚህ ዓይነት ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በቡሽ ዘግቶ ቡሹን በመዶሻ መታው፤ ግፊቱ የጋዝ ከረጢቶቹን ጨፈለቃቸውና ተንሳፋፊው ሁሉ ሰመጠ። እኛ መዶሻ አንፈልግም። መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሙሉ፣ አየሩን አስወጡ፣ ጫፉን በጣት ደፍናችሁ ባላችሁ ኃይል ግፉ። ደፍርሶ የነበረው ውሃ ዓይናችሁ እያየ ጠቆር፣ ጠራ ይላል። በብልቃጥ ስታስቀምጡት ያልተገፋው ላይ ይንሳፈፋል፣ የተገፋው ይዘቅጣል። ተማሪዎቹ በየተራ «እስቲ እኔ» የሚሉት እዚህ ላይ ነው።

ለጨዋታ ብቻም አይደለም። ለቆጠራ ስታዘጋጁ 100 ሚሊ ሊትሩን በመለኪያ ሲሊንደር ቢያንስ 24 ሰዓት አዝቅጣችሁ የላዩን 90 ቀስ ብላችሁ ትቀዳላችሁ። ማይክሮሲስቲስ ሉጎል ገብቶበትም መንሳፈፍ ስለማይተው የምትደፉት እሱኑ ይሆናል። ቀድማችሁ በሲሪንጅ ግፉት። መጨረሻ ላይ ናሙናውን አሥር እጥፍ ማወፈራችሁን አስታውሳችሁ የቆጠራችሁትን ለአሥር አካፍሉ፤ ይህን የረሳ ስንት ሪፖርት አይቻለሁ!

በማይክሮስኮፕ ማይክሮሲስቲስ በሙጫ ውስጥ የተበተነ ጤፍ ይመስላል። ዶሊኮስፐርመም የሚባለው ሌላው ሳያኖባክቴሪያ መቁጠሪያ ይመስላል፤ ከዶቃዎቹ መካከል አንዱ ተለቅ ብሎ ጠራ ያለ ከሆነ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዝበት ሕዋስ ነው፤ ውሃው ናይትሮጅን ሲያንሰው እንደነዚህ ያሉት ይበረታሉ። ማይክሮሲስቲስ ይህ ችሎታ የለውም፣ ከውሃው የተዘጋጀውን ይበላል። ስለዚህ የትኛው እንደነገሠ ማየት ስለ ማዳበሪያው ይነግራችኋል። አውላኮሴይራ የሚባለው ዳያቶም (ብርጭቆ መሰል ቅርፊት ያለው አልጌ) እንደ ሸምበቆ አንጓ የተቀጣጠለ ነው፤ ውሃውን ነፋስ ሲያማስለው ይወዳል።

ከእንስሳቱ መካከል እንደ እንስራ ቅርጽ ያለው፣ አናቱ ላይ ጸጉሩ የሚሽከረከር ሮቲፈር ብራኪዮነስ ነው። አንድ ዓይኑና ረጅም ቀንዱ የሚለየው፣ እየዘለለ የሚሸሸው ኮፔፖድ ነው። ትልልቁ የውሃ ቁንጫ ዳፍኒያ ከጠፋና ሮቲፈርና ጥቃቅኑ የውሃ ቁንጫ ሞይና ከበዙ ምክንያቱ ሁለት ነው። በእኛ ሞቃት ውሃ የዓሣ ጫጩት አብዛኛውን ዓመት ስለማይጠፋ ትልልቁን እየለቀመ ይበላል፤ የማይክሮሲስቲስ ጉብታም ለአጣሪ አፍ አይመችም። አልጌውን የሚያጭድ ጠፋ ማለት ነው።

ጀልባው ዳር ሲደርስ ጀሪካን የያዙ እናቶች ይጠይቋችኋል፤ «ልጆቼ፣ ውሃው ይጠጣል?» አትሸሹ። አረፋ ካለ አይጠጣም በሏቸው። ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጣውን ተሕዋስያን ይገድላል፤ ጉበት የሚጎዳውን ማይክሮሲስቲን የተባለ የሳያኖባክቴሪያ መርዝ ግን አያጠፋውም፤ ይልቁንም ሕዋሱን አፈንድቶ ያወጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው የዘወትር መጠን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው፤ በዓይን የሚለይ አይደለም። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ካለ እሱ ይቅደም። ለልብስና ለማድቤት ዕቃ የግድ ከሐይቁ ከቀዱም ነፋሱ ከጀርባቸው ወደ ሐይቁ ከሚነፍስበት ዳርቻ፣ አረፋው ከሌለበት፣ ከላይ ሳይሆን ዝቅ አድርገው ይቅዱ። ከብቱንም ወደዚያው ዳርቻ ይንዱ። ይህን ስትነግሯቸው በእጃችሁ ነፋሱን አሳዩአቸው፤ በየቀኑ ይዞራልና።