የውሸት ጎጆና የወፍ ጎጆ፦ ስናወዳድር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ዘጌ ውስጥ፣ የቡናው ጥላ ስር፣ የድርጭት እንቁላል በዘንቢል ይዤ ስዞር አንድ አባት አዩኝ። «ልጄ፣ ለማን ነው የምታስቀምጠው?» አሉኝ። ለሌባ፣ አልኳቸው፤ እንቁላሉን ራሴ በሠራሁት የውሸት ጎጆ ውስጥ አስቀምጬ የወፍ ጎጆ ማን እንደሚዘርፍ ለማየት ነው። ሳቁ። «ሌባው እኮ ከኋላህ ነው።» ዞር ስል ጦጣ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው። ጦጣና ቁራ ሰው እየተከተሉ ይማራሉ። በየቀኑ በአንድ መንገድ ከተመላለሳችሁ የምትለኩት የራሳችሁን ዱካ ነው። መንገድ ቀያይሩ፣ ጓንት አድርጉ፣ ከቻላችሁ በሩቁ በመነጽር እዩ።

ሌላው እንቁላሉ ነው። የድርጭት እንቁላል ለትንሽ አይጥ አፍ ይተልቃል፤ ሳይሰብረው ትቶት ይሄዳል። የፕላስቲሲን እንቁላል የጥርስና የምንቃር ምልክት ስለሚይዝ ጥሩ ነው፤ ግን ሽታው ራሱ አይጥ ይጠራል። እባብ ደግሞ የውሸቱን ጎጆ ብዙም አይደፍረውም። የምትመላለስ እናት የለች፣ የሚንጫጫ ጫጩት የለ፣ ምን ይጠቁመው? የምትከላከል እናትም ስለሌለች ለሌላው ሌባ ነገሩ ቀላል ነው።

ጎጆውን የትም ማስቀመጥም አለ። ደንገል ላይ የተንጠለጠለ የተሸመነ ጎጆ ከመሬት ላይ ክፍት ጎጆ ጋር ምን አገናኘው?

ሒሳቡ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። 100 ጎጆ አለን፤ በየቀኑ ከተረፈው ከመቶ አምስት እጁ ይጠፋል እንበል። ከ14 ቀን በኋላ 49 ገደማ ይተርፋል፤ ከ28 ቀን በኋላ ግን 24 ብቻ። አደጋው ያው ነው፤ የተለያየው ቀኑ ነው። የእውነቱን ጎጆ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይተን ነው የምናገኘው፤ ቀድመው የተዘረፉትን አናያቸውም። ወፍ አጥኚው ሃሮልድ ሜይፊልድ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ዘዴ ለዚህ ነው፦ ጎጆ ሳይሆን ጎጆው በክትትል ስር የቆየበትን ቀን ቁጠሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ክረምት ሙሉ በከንቱ ለፍቻለሁ።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የጊዜው ነገር ነው። «የውሸቱ ቁጥር ትክክል ባይሆንም ከዓመት ዓመት ለውጡን ያሳያል» ይባላል። የሚሠራው በውሸቱና በእውነቱ ጎጆ መካከል ያለው ልዩነት ካልተቀያየረ ነው። ዘንድሮ ጦጣው ቀነሰ፣ እባቡ በዛ እንበል። የውሸት ጎጆዎቻችሁ ይተርፋሉ፣ የዘረፋው ግራፍ ይወርዳል፣ እናንተም ደስ ይላችኋል። የእውነቱን ጎጆ የሠራችው ዋኔ ግን ጫጩቶቿን በእባብ ትነጠቃለች። በአንድ ዓመት ውስጥም ያው ነው፦ በሰኔ የተቀመጠ የውሸት ጎጆ በጥቅምት ከተገኘ የዋኔ ጎጆ ጋር አይወዳደርም። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሰፈር፣ በየዓመቱ ተከታተሉ። ካሜራ ሁለት ብቻ ካላችሁ አንዱን የእውነቱ ጎጆ ጋ አድርጉት።