አለቃን «አልፈርምም» ለማለት

ግዢ ክፍል ስሠራ አለቃዬ በ8,500 ብር የገዛነውን ዕቃ «12,000 ብለሽ ፈርሚ» አለኝ። እሁድ እሁድ መዘምራን ውስጥ የምቆመው ሴትዮ ፈረምኩ። 1,000 ብርም ሸጎጠልኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሁለተኛ ሲጠይቀኝ እምቢ አልኩ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መልሱን ከቤት ይዛችሁ ውጡ። አለቃ ፊት ቆሞ ማሰብ አይሆንም፤ ጉልበት ይከዳል። እኔ ሻይ እያፈላሁ ጮክ ብዬ ተለማመድኩት፦ «ጋሼ፣ የከፈልነውን ብቻ ነው የምፈርመው። እምነቴ አይፈቅድልኝም።» በቃ። ስብከት አትጨምሩበት። (ጥቅስ ልደረድርለት አስቤ ነበር፤ እንኳን ተውኩት።)

ፍርሃቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነህምያ ምዕራፍ 2ን አንብቡ። ነህምያ የፈረሰችውን ኢየሩሳሌም ሄዶ ለመሥራት ሲለምን ንጉሡ ፊት እጅግ ፈርቶ ነበር። እዚያው ቆሞ ጸለየ፤ ከዚያ የሚፈልገውን ለይቶ ጠየቀ፦ ፈቃድ፣ የይለፍ ደብዳቤ፣ የግንባታ እንጨት። እኔም ወረቀቱን የመለስኩት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ብቻውን ሲሆን ንገሩት። ሰው ፊት ማሳፈር ድፍረት አይደለም።

ዋጋ እንደሚያስከፍልም ዕወቁ። እኔ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ፤ አበሉም ቀረ።

የበላችሁት ካለ መልሱ። በወንጌል ያለው ቀራጭ ዘኬዎስ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነበር ያለው፤ የኔ አቅም ግን እጥፍ ብቻ ነበር። 2,000 ብር ይዤ ሂሳብ ክፍል ገባሁ። ገንዘብ ያዧ ደረሰኙ ላይ «ምክንያት» የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አንስታ ዝም ብላ አየችኝ።