ወደ ላይ በሚጫን ዳታ ምክንያት የተቆራረጠው የስልክ ድምፅ እንዴት እንደተስተካከለ

ደሴ ባለ አንድ ተቋም የጂፖን ፋይበር መረብ (አንድ የፋይበር መስመር ለብዙ ተጠቃሚዎች የሚከፋፈልበት ቴክኖሎጂ) ላይ፣ ጠዋት ሠራተኞች ፋይል ወደ ሰርቨር መጫን ሲጀምሩ የኢንተርኔት ስልኩ ድምፅ ይቆራረጥ ነበር፤ ማውረዱ ግን እንከን አልነበረውም።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ፋይበሩን ነበር። በፓወር ሜትር ብለካው ብርሃኑን ለብዙ መስመሮች ከሚከፍለው ስፕሊተር በኋላ የተገኘው -21 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ጤናማ ነው። ማገናኛዎቹን አጸዳሁ፤ ከኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ሌላ ኦኤንዩ (ፋይበሩን በተጠቃሚው በኩል የሚቀበለውን መሣሪያ) አስመጥቼ ቀየርሁ። ሦስት ቀን አለፈ፤ ለውጥ የለም።

በአራተኛው ቀን በአይፐርፍ3 (የመስመር ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ወደ ላይ የሚሄደውን መስመር ብቻ ሞልቼ ፒንግ ሳደርግ፣ መዘግየቱ ከ3 ወደ 400 ሚሊሰከንድ ዘለለ። ጂፖን ወደ ታች 2.488፣ ወደ ላይ ግን 1.244 ጊጋቢት በሰከንድ ስለሚሰጥና ይህንንም ኦኤንዩዎቹ ሁሉ በየተራ ስለሚጋሩት፣ ተራውን የሚያከፋፍለውን የዲቢኤ ፕሮፋይል ከፍቼ አየሁ። ድምፅም ዳታም በአንድ ባለ «ዓይነት 4» ቲኮንት (ኦኤንዩው ወደ ላይ ዳታ የሚልክበት የተራ ወረፋ) ውስጥ ታጭቀዋል፤ ይህ ዓይነት ደግሞ ዋስትና የሌለው፣ ከሌሎቹ የተረፈውን ብቻ የሚያገኝ ነው።

ለድምፁ ቋሚ 1 ሜጋቢት ያለው ዓይነት 1፣ ለዳታው 5 ሜጋቢት የተረጋገጠለትና እስከ 50 የሚደርስ ዓይነት 3 ቲኮንት ፈጠርሁ። አሁንም ድምፁ አልጠራም። አንድ ሙሉ ቀን የወሰደብኝ ይህ ስለሆነ አጥብቄ አነሣዋለሁ፦ አዲስ ቲኮንት መፍጠር ብቻውን አይበቃም፤ የድምፁ ጄም ፖርት (የድምፁን ዳታ ወደ ቲኮንቱ የሚያስገባው ምናባዊ በር) አሁንም ከአሮጌው ጋር እንደተሳሰረ ነበርና። ወደ አዲሱ ሳዛውረው መቆራረጡ ወዲያው ቆመ።

ለ32 ኦኤንዩዎች (ለእያንዳንዳቸው 1 + 5 ሜጋቢት) የተያዘው ዋስትና በድምሩ 192 ሜጋቢት በመሆኑ ከመስመሩ አቅም በብዙ ያንሳል፤ ዋስትናውን ከመጨመራችሁ በፊት ይህን ድምር አስሉ።